ሸማኔው ጀግና የሆነበት ፊልምና የእኛ አገር «ቡዳ»

ሰሞኑን ተማሪዎቼ ከስልክ ስልክ እየተላላኩ የሚያዩት አንድ የናይጄሪያ ፊልም አለ። «አኒኩላፖ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ኩንሌ አፎላያን ነው። በኔትፍሊክስ የተለቀቀው በፈረንጆቹ መስከረም 2022 ማብቂያ ላይ ነበር፤ እኛ ጉንደ ወይን እስኪደርስ ግን ጊዜ ወስዶበታል። እኛ ጋ በጊዜው የሚደርስ ምን ነገር አለና!

ፊልሙ የሚነገረው በዮሩባ ቋንቋ ነው። ልጆቹ የሚያዩት ደግሞ በአማርኛ እየተተረከ የሚለቀቀውን ትርጉም ነው። እኔ ዋናውንም ትርጉሙንም አየሁት። የፊልም ተቺ አይደለሁም፣ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ግን ይሄ ፊልም ስለ እኛ አንድ ነገር አሳይቶኛልና እሱን ልጻፍ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ላላያችሁት ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። (መጨረሻውንም ስለምናገር ለማየት ያሰባችሁ ይቺን አንቀጽ ዝለሏት።) ነገሩ የሚሆነው በጥንቱ የኦዮ መንግሥት ነው። ኦዮ በዛሬዋ ደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የነበረ የዮሩባ ሕዝብ ታላቅ መንግሥት ነው፤ ንጉሡ «አላፊን» ይባላል። ሳሮ የሚባል፣ ከአገር አገር እየዞረ ሥራ የሚፈልግ ሸማኔ ወደ ኦዮ ይመጣል። እዚያ ሰው ይሆናል፤ ከዚያ ከንጉሡ ታናሽ ሚስት ከአሮላኬ ጋር ይዋደዳል። ይያዝና ተደብድቦ ይሞታል። ሬሳው ጫካ ውስጥ ወድቆ ሳለ ሙት ያስነሳል ተብሎ የሚታመንበት «አካላ» የሚባል ወፍ መጥቶ ነፍስ ይዘራበታል። አሮላኬ ወፉን ታባርርና ኃይሉ ያለበትን ቅል ትወስዳለች። ሁለቱ ሸሽተው ሌላ አገር ይገባሉ። ሳሮ ሙት እያስነሳ ይከብራል። ከዚያ ይጠግባል። ሚስት በሚስት ላይ ይደርባል፤ የሞተውን ልዑል አስነሳ ሲሉት ልዕልቲቱን ካልሰጣችሁኝ ይላል። በመጨረሻ ከሞት ያተረፈችው ሴት ራሷ ኃይሉን ታሳጣዋለች፣ እሱም በሰው ፊት ያልቅለታል። «አኒኩላፖ» ማለት ሞትን በኪሱ የያዘ እንደማለት ነው። ዝነኛው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲም ለራሱ ያወጣው ስም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ክፍል ውስጥ የቃል ገለጻ ልምምድ ነበረን። አንዱ ልጅ ይሄንን ፊልም መርጦ ቆመና «ሳሮ የሚባል አንድ ሸማኔ ነበረ…» ብሎ ጀመረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ራሱ እየሳቀ ቀጠለ። ወፏ ሙት ስታስነሳ ማንም አልሳቀም። ሁሉም ጸጥ ብሎ ሰማ። ሸማኔ የንጉሥ ሚስት ወደደ ሲባል ግን እንደገና ተሳቀ። ማለትም ለልጆቻችን ሙት ከሚያስነሳ ወፍ ይልቅ ጀግና የሆነ ሸማኔ ነው የማይታመነው!

ለምን እንደሳቁ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው ልንገር። በእኛ አገር የእጅ ባለሙያ ይናቃል፤ ይፈራልም። ገበሬው በቀጥቃጩ ማረሻ አርሶ፣ በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ በልቶ፣ ሸማኔው የሠራውን ጋቢ ተከናንቦ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ የሚያወራው ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለነሱ ቡዳነት ነው። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ነው፣ ብረት ሠሪው «ጠይብ» ነው፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል። ሰው ተኩሶ የገደለው ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ተረት ያልሰማ አለ? እኔ ከአያቴ ሰምቼዋለሁ፣ እናንተም ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የኖሩ የውጭ ሰዎች ሳይቀሩ ይኼንኑ የጉትቻ ወሬ ሰምተው ጽፈውታል። ጎንደር በኩል ደግሞ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች በዚሁ ስም ስንት ዘመን ተገፍተዋል።

ይሄ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ከከተማ ወጣ ይበልና ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ይስማ። «ዘሩ ማን ነው?» የሚባለው ለጨዋታ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ከአዲስ አበባ ተነስቶ እኛ ክፍል ድረስ ገና አልገባም። (መቼስ እኛ ጋ ሁሉም ነገር ይዘገያል ብያችኋለሁ።)

ታዲያ ይሄ ከፊልም ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። በጣም እንጂ!

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሁልጊዜ አንድ ልመና አያለሁ፤ «የእኛስ ታሪክና ባህል እንደ ናይጄሪያዎቹ መቼ ነው በፊልም የሚሠራው?» ይባላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ጠያቂው ልቡ ውስጥ ያለውን ስታዩት የሚፈልገው የባህል ልብስ ነው። የሀበሻ ቀሚስ፣ ረከቦት፣ ቄጤማ፣ እስክስታ፣ በፈረስ የሚመጣ ሙሽራ። እነዚህማ ሞልተዋል። በየበዓሉ ድራማ ላይ እናያቸዋለን። ከእነዚያ ድራማዎች ረከቦቱን አንሱትና በምትኩ ሶፋና ማኪያቶ አስቀምጡ፤ ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። ባህሉ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ነው እንጂ ቤቱን የተሸከመ ምሰሶ አይደለም።

«አኒኩላፖ»ን ግን ሞክሩ። የዮሩባን እምነት ብታወጡበት ምን ይቀራል? ምንም። ሳሮ የሚነሳው በእምነቱ ነው፣ የሚከብረው በእምነቱ ነው፣ የሚጠፋውም በእምነቱ ሕግ ነው። ፊልሙ ደግሞ ለማንም አያቆላምጥም። ንጉሡ ጨካኝ ነው፣ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች በቅናት ይበላላሉ፣ ጀግናው ራሱ ውለታ ቢስ ነው። ዮሩባዎች «ገጽታችን ተበላሸ» አላሉም፤ እንዲያውም በ2023 የአፍሪካ ማጂክ ሽልማት ላይ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ተሸለመ። እኛ ግን የድሮ ታሪክ ስንሠራ ሁሉም ሰው ንጹሕ ነጭ ለብሶ፣ ንጹሕ አማርኛ ተናግሮ፣ ንጹሕ ልብ ይዞ ይወጣል። የሚጣላው ከውጭ ከመጣ ጠላት ጋር ብቻ ነው። እርስ በርሳችን የተደራረግነው ነገር የለም።

ናይጄሪያዎቹ እዚህ የደረሱት በአንድ ቀን አይደለም፣ ያንንም እንወቅ። ፋጉንዋ የሚባል ሰው በ1938 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ አዳኝና ስለ አጋንንት ጫካ በዮሩባ ቋንቋ ልብ ወለድ አሳተመ። (እሱም መምህር ነበር፤ ይቺን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።) ኋላ ሾይንካ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከዚያ ደግሞ በየከተማው እየዞሩ ትያትር የሚያሳዩ ቡድኖች መጡ። የኩንሌ አፎላያን አባት አዴ ላቭ ከነዚያ አንዱ ነበር፤ በ1976 በወጣው የመጀመሪያው የዮሩባ ቋንቋ ፊልም በ«አጃኒ ኦጉን» ላይም ተውኗል። ልጁ የአባቱን ሥራ ነው የቀጠለው። መጽሐፉ ትያትሩን፣ ትያትሩ ፊልሙን ወለደ።

እኛም መነሻ አላጣንም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የዚሁ የእኛ አገር መጽሐፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወልደው፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሰብለና በበዛብህ ፍቅር፣ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ድምፅ ነው። እኔ ግን ሳስተምር ሁልጊዜ የምቆመው መጀመሪያው ላይ ነው። ያገቧት ባሎች እየሞቱባት «ገፊ» የተባለች ሴት አለች፤ ውድነሽ በጣሙ። ልጇ እንዳይሞትባት ለቤተ ክርስቲያን ትሳለዋለች። ያ ስለት የልጁን ዕድሜ ልክ እግር ከወርች ያስረዋል። አያችሁ? እምነቱ ጌጥ አይደለም። ታሪኩን የሚነዳው እሱ ነው። ሐዲስ ይሄን ያወቁት ፊልም ከማየት በፊት ነው።

በፊልምም ቢሆን አንድ ምሳሌ አለን፤ የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ»። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ላይ ታስረው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው የሚሄዱበት የድሮ ሥርዓት ነው። አንዳንዴ በሰንሰለት፣ አንዳንዴ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ። ፊልሙ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድን የቅኔ ተማሪና ሚስቴን ነካብኝ ብሎ የከሰሰውን ባለጸጋ በአንድ ሰንሰለት አስሮ መንገድ ያስጀምራቸዋል። ሰንሰለቱን አውጡት፤ ፊልሙ የለም። እንዲህ ያለ ፊልም ነው የምለው። ተማሪዎቼን ጠየቅኋቸው፣ ያየው አንድም አልነበረም። «አኒኩላፖ»ን ያላየ ግን ሁለት ሦስት ልጅ ነው። ይሄ ያናድዳል፤ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ የእኛ ፊልም ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ገጠር የሚገባበት መንገድ የለውም።

እንዲህ ያሉ ነገሮች በዚህ አካባቢ ብቻ ስንት አሉ መሰላችሁ! ሌባ ሻይ ነበረ፤ ልጅ አጠጥተው አስክረው ይለቁትና ሮጦ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ የሚባልበት። አስቡት፣ አንድ ልጅ በመንደሩ ውስጥ እየተንገዳገደ ሲሮጥ ሁሉም ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ወደኔ እንዳይመጣ» እያለ ሲጸልይ። ከዚህ በላይ ትሪለር ከየት ይመጣል? አብሾ አለ፤ ቅኔ ይገባኛል ብሎ የጠጣው ተማሪ አንዱ ሊቅ ሆኖ ሌላው ልቡ ተሰውሮ የሚቀርበት። ጠልሰም አለ፣ ዛር አለ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ያለው ሁሉ አለ።

አሁን ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ሻይ ቤት ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረንበታልና።

አንደኛው «ይሄ ጥንቆላን ማስተዋወቅ ነው፣ ለሃይማኖታችን አይስማማም» የሚል ነው። ወንድሜ፣ ቡዳን ፊልም አያስተዋውቀውም። ያለ ፊልምም በየቤቱ አለ። እዚህ አገር ልጅ ሲታመም መጀመሪያ የሚባለውን እናውቃለን፤ ከጤና ጣቢያው በፊት «ማን በልቶት ይሆን?» ነው። የማናሳየው ነገር የለም ማለት አይደለም። ጭራሽ በጨለማው ውስጥ ሲቀመጥ ነው የሚያድገው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። «ቡዳ በፊልም ቢሠራ ልጆቹ ያን የሸማኔ ልጅ ይባስ ይጠቁሙበታል» ይላል። እውነት አለው። የጅቡን ለውጥ በኮምፒውተር አሳምሮ የሚሠራ ሰው ቢመጣና ታሪኩን እንደ አያቴ ቢተርከው፣ ጅቡ ሲገደል ተመልካቹ ቢያጨበጭብ፣ እኔም እቃወማለሁ። ግን መፍትሔው ብዙ ሰው የሚለው አይመስለኝም። ብዙ ሰው የሚለው «ቡዳ የለም፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው» የሚል አስተማሪ ድራማ ይሠራ ነው። እንደሱ ያለ ድራማ በሬዲዮ ሰምተናል፣ በሰልፍ ላይ አሳይተናል፤ ተማሪው አጨብጭቦ ወጥቶ እዚያው ደጃፍ ላይ ይሰድባል። ማን ስብከት ሰምቶ ፍርሃቱን ጣለ?

እኔ የምለው ሌላ ነው። «አኒኩላፖ» ውስጥ ወፉ የለም አይባልም። አለ። በዓይናችን እናየዋለን። የኛም ፊልም ጅቡ ይኑር ይበል፤ ግድ የለኝም። ጥያቄው ካሜራው የማን ቤት ውስጥ ይቆማል ነው። ጉትቻው የተገኘበትን ታሪክ ከቀጥቃጩ ቤት ጀምሩት። ባለጸጋው ልጅ ታሟል። ጭስ እያጠኑ «ማን ነው የበላህ?» እያሉ ያስለፈልፉታል። ልጁ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ የአንድ ሰው ስም ይጠራል። ያ ሰው በዚያች ሰዓት ቤቱ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ጎመን እየበላ ነው። ስሙ ተጠርቶ ወሬው ወንዝ ተሻግሮ ወደሱ እየመጣ ነው፣ እሱ ገና አልሰማም። ሚስቱ ጉትቻ አድርጋለች። ከዚህ በኋላ ጅብ ይሁን አይሁን፣ ያን ሌሊት አብረነው ቤቱ ውስጥ ካመሸን የምንፈራው ጅቡን አይደለም።

ሳሮ ሸማኔ መሆኑን ልብ ካላችሁ፣ ናይጄሪያዎቹ ለጀግናቸው ልዑል አልመረጡም። ድሃ፣ መጻተኛ፣ በእጁ የሚኖር ሰው መረጡ። እነሱ ዘንድ የሚሠራው ጨርቅ የክብር ልብስ ነው፤ «አሶ ኦኬ» ይሉታል፣ በሠርግና በበዓል ይለበሳል። ልክ እንደኛው ጥበብ። ልዩነቱ እነሱ ልብሱንም ሠሪውንም ፊልሙ መሀል አስገቡ፤ እኛ ልብሱን ለብሰን ፎቶ እንነሳለን፣ ሠሪውን ዘሩን እንጠይቃለን።

አንዲት ቅሬታ ደግሞ ልጨምር፣ ካልተናገርኳት ያመኛል። በአማርኛ ፊልሞች ላይ የጎጃም አነጋገር የሚሰማው መቼ ነው? ዘበኛው ሲናገር፣ ወይ አዲስ የተቀጠረችው ሠራተኛ ስትናገር። እንድንስቅ ነው። ቅኔ የተዘረፈበትን አንደበት የኮሜዲ ማጣፈጫ አድርገውት ቀርተዋል። ሳሮና አሮላኬ በራሳቸው ቋንቋ እያወሩ በዓለም ሲታዩ፣ የዲማ ቅኔ ተማሪ በዲማ አነጋገር ቢዋደድ ምን ይለዋል? ደግሞ ቦታው አለ። አፎላያን ለፊልሙ መንደር ሙሉ አስገንብቷል። እኛ መርጦ ለማርያም አለን፣ የጮቄ ተራራ አለ፣ የዓባይ ገደል አለ። አሁን ያለንበት ጊዜ ካሜራ ተሸክሞ ለመዞር እንደማይመች አውቃለሁ። ጽሑፉን ለማዘጋጀት ግን ጊዜው አይከለክልም። ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መንገድ እስኪከፈት አይጠብቁንም።

ለዚህ ብዬ ለልጆቹ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ከአያት፣ ከጎረቤት፣ ከማንም ስለ ቡዳ የሰማችሁትን አንድ ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ አልኳቸው። አመጡ። ከአርባ በላይ ወረቀት ነው። ጽሑፋቸው ጥሩ ነው፣ ጅቦቹ ያስፈራሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ የፊደል ግድፈቱ ራሱ ያስፈራል። ሁሉም ማለት ይቻላል የተነገሩት ግን ከተበላው ሰው ወገን ነው።

አንድ ወረቀት ብቻ ከሌላው ወገን መጣ። ገጽ ተኩል ነው። አያቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ገበያ ሲወጡ ከዳር ነው የሚቀመጡት፤ ይሄን ሁላችንም አይተነዋል። ያላየነው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ እንደጻፈችው አያቷ ገበያ ውስጥ ሕፃን አያዩም። እናት ልጅ አዝላ እንስራ ልትገዛ ስትመጣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ይጥላሉ፣ ዋጋ የሚነጋገሩትም ወደ እንስራው እያዩ ነው። ልጁ ነገ ቢያስነጥሰው እንኳ «እሷ አይታው ነው» እንዳይባል። ልጅቷ ትንሽ ሆና ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ሸክላዬን እንዳይሰብሩብኝ እየጠበቅሁ ነው» ይሏት ነበር።

ክፍል ውስጥ አላነበብኩትም። የጻፈችው ልጅ በዚያ የቃል ገለጻ ቀን ካልሳቁት አንዷ ነበረች።

ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ። እዚህ ገጽ ላይ ፊልም የምትሠሩ፣ ድርሰት የምትጽፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኢንቦክስ አድርጉልኝ። መጀመሪያ ልጅቷንና አያቷን አስፈቅዳለሁ፤ እሺ ካሉ እልክላችኋለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በእናንተ አገር ቡዳ የሚባለው ማን እንደሆነና እሱ ራሱ ምን እንደሚል የሰማችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። የጅቡን ሰምቻለሁ፣ ከአርባ በላይ አለኝ።